ቅርንፉድ፣ ባህር ዛፍ ወይስ ፍሊት? ለየቤቱ ተባይ የሚሆነውን ዘይት መምረጫ

ለትኋን የሚረዳ ዘይት ለትንኝ ላይረዳ ይችላል። ለትንኝ የሚሆነው ደግሞ በረሮን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ከማሸሽ ያለፈ ሥራ ላይሠራ ይችላል። የዕፅዋት ዘይት ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በጠረኑ ነው። ደስ የሚለውን፣ ወይም ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ያለውን ይዞ ይወጣል። እዚህ ምርጫውን ከተባዩ እንጀምር።

ሰው ወደ ዕፅዋት ዘይት ለምን እንደሚያይ ይገባኛል። ማላታይን የሚባለው ፀረ ተባይ መለያ በሌለው የውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ ይሸጣል። ስንት ውሃ እንደሚጨመርበት የሚነግር የለም። ለእርሻ የተሠራ መድኃኒት ልጆች በሚተኙበት ፍራሽ ላይ ይረጫል። ይህን ማየት ያማል። ከዚህ የሚያድን አማራጭ መፈለግ ትክክል ነው። አማራጩ ግን የሚችለውንና የማይችለውን ሳናውቅ ከገዛነው፣ ሁለት ወር ከደከምን በኋላ ተስፋ ቆርጠን ወደዚያው ጠርሙስ እንመለሳለን።

መግደል ሌላ፣ ማባረር ሌላ

እዚህ ላይ መዓዛማ ዘይት የምለው ከቅጠል፣ ከአበባ፣ ከቅርፊት ወይም ከእምቡጥ በእንፋሎት የሚወጣውን፣ ክፍት ቢተዉት ተንኖ የሚጠፋውን ዘይት ነው። አወጣጡ ከአረቄ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ በእንፋሎት ይሞቃል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ዘይቱ ከውሃው ይለያል። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ዘይት ግን በአብዛኛው ተጨምቆ ነው የሚወጣው። የኒም ዘይትና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከዚህ ወገን አይደሉም። እነሱ እንደ ኑግ ዘይት ከፍሬያቸው የሚጨመቁና የማይተኑ ናቸው።

እነዚህ ዘይቶች ነፍሳትን የሚጎዱበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል ኦክቶፓሚን በሚባለው የነፍሳት የነርቭ መልእክተኛ ሥራ ውስጥ እንደሚገባ ይታወቃል። ኦክቶፓሚን ለበረሮ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ በሰው አካል ውስጥ ግን ያን ያህል ቦታ የለውም። ዘይቶቹ ከብዙ ኬሚካሎች ይልቅ ለሰው የሚቀልሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይቀልላሉ ማለት አይጎዱም ማለት ግን አይደለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ለምርጫ ወሳኙ ነገር መትነናቸው ነው። ተባዩ ላይ በቀጥታ ካረፉ ይገድላሉ። ግድግዳ ላይ ከተረጩ በጥቂት ሰዓታት፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ቀን ጉልበታቸው ያልቃል። ፍሊት የምንለው የቆርቆሮ መርጫ ብዙውን ጊዜ ፓይሬትሮይድ የተባለ ኬሚካል ይዟል። ከነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ የተረጩበት ቦታ ላይ ለሳምንታት ይቆያሉ። ሌሊት ከጉድጓዱ የወጣው በረሮ ሲረግጣቸው ይሞታል። ዘይት ይህን አያደርግም። ስለዚህ ዘይት ስትገዙ የምትገዙት ዓይናችሁ ያየውን ተባይ የሚገድል፣ ያላያችሁትን ደግሞ ለአጭር ጊዜ የሚያሸሽ ነገር ነው። ማሸሹ አንዳንዴ ይጠቅማል። አንዳንዴ ግን ነገሩን ያባብሰዋል።

ትኋን

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ለትኋን ተብለው የሚሸጡ 11 ምርቶችን ፈተኑ። ዘጠኙ ከዕፅዋት ዘይት፣ ሁለቱ ከሳሙና የተሠሩ ነበሩ። ትኋኖቹ ላይ በቀጥታ ተረጭተው ከ90 በመቶ በላይ የገደሉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው 1 በመቶ ጄራኒዮል የተባለ የመዓዛማ ዘይት ንጥረ ነገር፣ 1 በመቶ የዝግባ ዘር የሆነ እንጨት ጭማቂና 2 በመቶ የሳሙና ንጥረ ነገር ነበረው። ሁለተኛው ፔፐርሚንት (የናና ዓይነት) እና በጣም ጥቂት ቅርንፉድ ከሳሙና ንጥረ ነገር ጋር የያዘ ነው። እንቁላሉን በደንብ የገደለው ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ «የተፈጥሮ ዘይት አለበት» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም። ተመሳሳይ ዘይት የያዙ ሌሎች ምርቶች ወድቀዋል። የገደለው አቀማመሙ ነው፤ ሳሙናውም ድርሻ አለው። ሁለተኛ፣ ፈተናው የተደረገው ትኋኑን ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው። እናንተ ቤት ትኋኑ በአልጋው መጋጠሚያ፣ በፍራሹ ስፌት፣ በግድግዳው ስንጥቅ፣ በማብሪያ ማጥፊያው ሽፋን ሥር ነው ያለው። ዘይቱ ካልደረሰበት አይሞትም። እንቁላሉ ደግሞ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። አንዴ ረጭቶ መተው ስለዚህ ትርጉም የለውም።

ታዲያ ፍሊት ይሻላል? እሱም አይደለም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ትኋኖች ፓይሬትሮይድን በሰፊው ተላምደዋል። ተረጭቶባቸው እየሄዱ የምታዩት ለዚህ ነው።

ለትኋን ከዘይቱም ከፍሊቱም የማስቀድመው ሙቀትን ነው። ትኋንም እንቁላሉም ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ብዙ አይቆዩም። አንሶላና ልብስ በ60 ዲግሪ ይታጠብ። ማድረቂያ ማሽን ያላችሁ ደረቁን ልብስ በከፍተኛ ሙቀት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አዙሩት። የብረት አልጋ ከሆነ ፈታታችሁ መጋጠሚያው ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ይሠራል። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣት ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነው የሚረዳው። ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይዞራል፣ የፍራሹም ውስጥ በበቂ አይሞቅም። አገላብጡ፣ ስፌቱን በብሩሽ አራግፉ፣ የተራገፈውን በፈላ ውሃ ግደሉ።

ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የፈላ ውሃ የማይፈስበትን የእንጨት መጋጠሚያ፣ የፍራሹን ስፌት፣ የመሳቢያውን ጥግ የቅርንፉድና ሳሙና ውህድ (አዘገጃጀቱ መጨረሻ ላይ አለ) እርጩበት። በየሦስት በየአራት ቀኑ ድገሙት፣ ቢያንስ ለአንድ ወር። ከዘይቶቹ ሁሉ ቅርንፉድን የምመርጠው በዩጂኖል ብዛቱ ነው። ደረቁ እምቡጥ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ዘይት ሲሆን፣ የዚያ ዘይት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ዩጂኖል ነው። ጦስኝም ብርቱ ነው። የመንዝ፣ የሰሜንና የባሌ ደጋ ጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል በሚባሉ ብርቱ ንጥረ ነገሮች የበለጸገ ነው። ችግሩ ዘይቱ ሱቅ ውስጥ በቀላሉ አለመገኘቱ ነው። ጦስኝ አፍልቶ ውሃውን መርጨት ደግሞ ከዘይቱ ጋር አይተካከልም። የዘይቱ ትልቁ ክፍል ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ባህር ዛፍና ላቬንደር ለትኋን አልመክርም። አልጋው ላይ ላቬንደር ጠብ ስታደርጉ እንቅልፍ ይጥማችሁ ይሆናል፤ ትኋኑ ግን ከመንከስ አይመለስም። በአፓርታማ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የሚያሸሽ ነገር በብዛት ስትረጩ ትኋኑ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ በአንድ ቀን መጀመር ከማንኛውም ዘይት ይበልጣል። የትኋን ነገር ሰው ያፍርበታል፣ ስለዚህ ይደበቃል። ንጹሕ ቤትም ይገባልና ማፈር አያስፈልግም።

በረሮ

መጀመሪያ የትኛው በረሮ እንደሆነ እዩ። ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ከፍሪጁ ሞተር ጀርባ፣ ከካቢኔቱ ማጠፊያ ውስጥ የሚርመሰመሰው ትንሹ ቡናማ፣ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር ሰረዝ ያለው፣ የጀርመን በረሮ ይባላል። ቤት ውስጥ ይራባል። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት እስኪፈለፈል ድረስ ጭራዋ ላይ ይዛው ትዞራለች። ትልቁ ቀይ ቡናማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፍሳሽ ቱቦና ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚወጣ ነው።

ለትልቁ ዘይት ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚመጣበት በር ይታወቃልና። የፍሳሹን ክዳን በወንፊት ዝጉ፣ ማታ ማታ ዙሪያውን ፔፐርሚንት ወይም ቅርንፉድ ያለበት ውህድ እርጩ። መግቢያውን ይጠላዋል። ያገኛችሁትን ደግሞ በቀጥታ ርጩበት። ሳሙናው የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ይደፍንበታል፣ ዘይቱ ነርቩን ይመታል።

ለትንሹ ግን ዘይት ዋና መሣሪያ አታድርጉ። ብዛቱ በካቢኔቱ ውስጥ ውስጡን ነው። ሲረጭበት ይበታተናል፤ ማዕድ ቤት ብቻ የነበረው መኝታ ቤት ይገባል። ለዚህኛው የሚያዋጣው ማጥመጃ ምግብ ነው። በጄል መልክ የሚሸጠው አለ። ወይም ቦሪክ አሲድ በጣም ስስ አድርጎ፣ ልጅና ድመት በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ መነስነስ ነው። በረሮው ይረግጠዋል፣ እግሩን ሲያጸዳ ይውጠዋል፣ ከቀናት በኋላ ይሞታል። ቀስ ይላል፤ ግን ጎጆው ድረስ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። ጄሉን ካስቀመጣችሁበት አጠገብ ቅርንፉድ ከረጫችሁ በረሮው ጄሉን አይቀምሰውም። «ሁለቱንም አደረግሁ፣ ምንም አልሠራ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። በማጥመጃ ከጀመራችሁ ዘይቱን፣ ፍሊቱንም ጭምር፣ ከዚያ ክፍል አርቁ።

ውሃውን ደግሞ አድርቁበት። የጀርመን በረሮ ያለ ምግብ ሳምንታት ይቆያል፤ ያለ ውሃ ያን ያህል አይችልም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ከማጠቢያው ሥር ያለ እርጥበት፣ ሌሊት ውሃ ተሞልቶ የሚያድር ሳህን፣ እነዚህ ካልተስተካከሉ የትኛውም ጠርሙስ አያሸንፍም።

ትንኝ

እዚህ ላይ ስህተት ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል ቁርጥ አድርጌ ነው የምናገረው። የወባ አገር ከሆናችሁ ዘይት አጎበርን አይተካም። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ነው። አዲስ አበባ ላይ ትንኝ ቢነክሳችሁ ያሳክካል፤ መተሐራ ወይም ጋምቤላ ላይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ከተማ ነን ብሎ መዘናጋትም ድሮ ቀርቷል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ይህች ትንኝ በከተማ፣ በውሃ በርሜልና በታንከር ውስጥ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል።

ሲትሮኔላ በጣም የተወራለት ዘይት ነው። ከጠጅ ሳር ዘመዶች የሚወጣ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሲትሮኔላ የያዙ መከላከያዎች ክንድ ላይ ተቀብተው የጠበቁት ከ20 ደቂቃ እንደማይበልጥ አሳይቷል። በዚያው ጥናት 23.8 በመቶ ዲት የተባለው ኬሚካል ያለበት ቅባት ለአምስት ሰዓት ያህል ጠብቋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። በረንዳ ላይ ቡና እስኪጠጣ ሲትሮኔላ ይበቃ ይሆናል። ለሌሊት አይበቃም።

ከዕፅዋት ወገን ለትንኝ እውነተኛ ምርጫ የምለው አንድ ነው። ቅጠሉ ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው የባህር ዛፍ ዓይነት የሚገኝ፣ ፒኤምዲ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከዲት ጋር ከሚመክራቸው ውስጥ ይገኛል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይቀባም። ሌላው፣ የዚያው ዛፍ ተራ ዘይት ፒኤምዲ ማለት አይደለም። ተራው ዘይት ሌላ ንጥረ ነገር ይበዛበታል፣ ፒኤምዲው ጥቂት ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። መለያው ላይ ፒኤምዲ የሚል ካልተጻፈ አትመኑት። በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን የከበበው ነጭ ባህር ዛፍ ደግሞ ሌላ ነው። ዘይቱ ለጉንፋን ይታጠናል፤ ለትንኝ ግን ደካማ ነው።

ቀን የሚነክሱ ትንኞች ባሉበት አገር ጉዳዩ ይለወጣል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ ትኩሳት ገብቶባታል። ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው ቀን ላይ ስለሆነ አጎበር ብቻውን አይበቃም። እዚያ ቆዳ ላይ የሚቀባ ፒኤምዲ ወይም ዲት መግዛት ገንዘቡ ይገባዋል። በርሜሉን መክደን ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥንጁት፣ ከበሪቾና ወይራ ማጤስስ? ጢሱ እስካለ ትንኝ ይሸሻል፤ አያቶቻችን ያወቁት በከንቱ አይደለም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ማታ ማታ ማጤስ ግን የሕፃንና የአስም ሕመምተኛ ሳንባ ይጎዳል። ውጭ፣ ደጃፍ ላይ ይሁን።

ጉንዳን፣ ብል፣ ቁንጫ፣ ነቀዝ

ለጉንዳን ዘይት ደህና ይሠራል። ጉንዳን የሚከተለው የጠረን መንገድ ነው። መንገዱን በሳሙና አጥባችሁ ፔፐርሚንት ወይም ቀረፋ ያለበት ውህድ ስትቀቡበት ይጠፋበታል። ጎጆው አይሞትም፤ ሌላ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ስኳሩ ክዳን ካገኘ ግን በቂ ነው።

ለብልም እንዲሁ። ላቬንደርና የዝግባ ወይም የጥድ እንጨት ለቁም ሳጥን ከናፍታሊን ይሻላል እላለሁ። ናፍታሊን ሕፃን ያለበት ቤት ባይገባ ይመረጣል፤ ልጅ ከረሜላ መስሎት የሚውጠው ነገር ነውና። ዘይቱ ግን የተጣለውን እንቁላል አይገድልም። ልብሱን አጥባችሁ፣ አራግፋችሁ፣ ከዚያ ነው ጥጥ ላይ ጠብ አድርጋችሁ የምታስቀምጡት፤ በየወሩ ይታደስ። ደግሞም ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ስለሆኑ ንጹሕ ከሆኑ ብዙም አይነካቸውም። ዘይታችሁን ለበርኖሱና ለሱፍ ኮቱ ቆጥቡ።

ቁንጫ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ያየውን ይገድላል፤ ነገር ግን ትልቁ ክፍል ወለል ስንጥቅ ውስጥ በእንቁላልና በሙሽሬ (ትሉ ወደ ቁንጫ በሚለወጥበት ደረጃ) መልክ ተቀምጧል። ሙሽሬው በድር ተሸፍኖ ስለሚቆይ ምንም አይደርስበትም። ወለሉን ደጋግሞ መጥረግ፣ የውሻውን ማደሪያ በሙቅ ውሃ ማጠብና ለውሻው ከእንስሳት ሐኪም መድኃኒት መውሰድ ይቀድማል።

ለነቀዝ ዘይት አትግዙ። ላብራቶሪ ውስጥ ነቀዝን የሚገድሉ ዘይቶች ብዙ ናቸው። ባቄላችሁና በቆሏችሁ ግን ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፤ ማን ይበላዋል? ለእህል አየር የማያስገባ ከረጢት የተሻለ ነው። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። ከአገር ቤት ሽሮ፣ በሶና በርበሬ የሚላክላችሁ ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ እንደደረሰ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። የነቀዝ ክኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ግን ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይግባ። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ጠርሙሱን ስትገዙ

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ቅርንፉድ ግዙ። ሁለተኛ ከጨመራችሁ ፔፐርሚንት ይሁን። ከጠረኑ ሌላ ምክንያት ከሌላችሁ ላቬንደሩን ለቁም ሳጥኑ ተዉት፣ ሲትሮኔላውን እለፉት።

ለፀጉር የሚሸጠው «የቅርንፉድ ዘይት» ብዙ ጊዜ ቅርንፉድ የተዘፈዘፈበት የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይት ነው። ለተባይ አይሆንም፤ አልጋውን በቅባት ያበላሻል እንጂ። ለመለየት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ እስከ ነገ ተዉት። መዓዛማው ዘይት ይተንናል፣ የሚቀረው ቢኖር ትንሽ ጥላ ነው። የምግብ ዘይት ከተቀላቀለበት ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ጠብታ ይቀራል። ጠርሙሱ ጠቆር ያለ ብርጭቆ ቢሆን፣ የዕፅዋቱ ሳይንሳዊ ስም ቢጻፍበት ጥሩ ምልክት ነው። አገር ውስጥ ዘይት የሚያወጡ ሰዎችን ለምትፈልጉ፣ በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ምርምር የሚታወቀው የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ከጠጅ ሳር ጀምሮ ብዙ ዓይነት ላይ ሠርቷል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እንደ ቅርንፉድ፣ ፔፐርሚንትና ሲትሮኔላ ያሉ ዘይቶች «ዝቅተኛ አደጋ ያላቸው» ተብለው ከፌዴራሉ የፀረ ተባይ ምዝገባ ነፃ ተደርገዋል። ነፃ መሆናቸው ተፈትነው አልፈዋል ማለት አይደለም። የሚሠራ መሆኑን ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሳያስመሰክር መደርደሪያ ላይ የሚወጣ ምርት አለ። መለያው ያማረ ስለሆነ ብቻ ሠላሳ ዶላር አትክፈሉ።

አዘገጃጀቱ

ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ መርጨት አንዱን ቦታ ንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ቦታ ንጹሕ ዘይት ማድረስ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ቅርንፉድ በሲሪንጅ ለኩ። በሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ውስጥ በደንብ አዋህዱት። ከዚያ እያነቃነቃችሁ 1 ሊትር ውሃ ጨምሩበት። ይህ 1 በመቶ ይሆናል። ሲረጭም እየተነቃነቀ ነው። በዚያው ቀን ጨርሱት። ስስ ፕላስቲክ ጠርሙስ አይሁን፤ ዘይቱ ፕላስቲክ ያሟሟል። ቀለም የተቀባ እንጨት ላይ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። ለፔፐርሚንትም ይኸው ልክ ይሠራል።

ንጹሑን ዘይት ቆዳ ላይ አታሳርፉ፤ ቅርንፉድና ቀረፋ ቆዳ ያቃጥላሉ። እሳት፣ ሻማና የከሰል ምድጃ ባለበት አትርጩ። የብርቱካንና የባህር ዛፍ ዘይት እንፋሎታቸው በቀላሉ ይቀጣጠላል። መስኮት ክፈቱ። ድመት ያላችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። የድመት ጉበት እነዚህን ንጥረ ነገሮች እንደ ሰው አፍርሶ አያስወጣም፤ ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ስትልስ ትመረዛለች። ባህር ዛፍና ፔፐርሚንት በሕፃን አፍንጫና ፊት አጠገብ አይቅረቡ፤ ትንፋሽ ሊያውኩ ይችላሉ። እርጉዝ ሴትና አስም ያለበት ሰው ሲረጭ ከክፍሉ ይውጡ።

ጠርሙሱ ከፍ ብሎ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። የባህር ዛፍ ዘይት ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ትንሽ ልጅን ሊያንቀጠቅጥ፣ ራሱን ሊያስት ይችላል። ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወተትም አትስጡ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደጠጣና ምን ያህል እንደጎደለ ከእሱ ያያል።